ስልክን ከኮምፒዩተር ማዘዝ፦ ጥቅሙና ጥንቃቄው

ኮምፒዩተር ፊት የሚውል ነጋዴ ወይም ደላላ ዋጋ በተጠየቀ ቁጥር ስልክ ማንሳቱ ሥራውን ያቋርጥበታል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውና በነጻ የሚገኘው፣ በእንግሊዝኛ «ኤስሲአርሲፒዋይ» ተብሎ ተጽፎ «ስክሪን ኮፒ» ተብሎ የሚነበበው ፕሮግራም ይህን ያቃልላል። የአንድሮይድ ስልክን ገጽ ያለ ገመድ ወደ ኮምፒዩተር አምጥቶ በማውስና በኪቦርድ ለማዘዝ ያስችላል። ከኮምፒዩተር የተቀዳ የሂሳብ ቁጥርም በስልኩ ላይ ይለጠፋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በስልኩ ሴቲንግ «ቢልድ ነምበር» የሚለው 7 ጊዜ ሲነካ የ«ዴቨሎፐር» ምርጫዎች ይከፈታሉ። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ባሉት ስልኮች «ዋየርለስ ዲበጊንግ» ይበራል፤ ስልኩ የሚያሳየው ባለ 6 አሃዝ ኮድም «ኤዲቢ» በሚባለው አጋዥ ፕሮግራም በኩል ኮምፒዩተሩ ላይ ይገባል። ሁለቱ በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው።

ጥንቃቄ የሚያሻው ከዚህ በኋላ ነው። ስልኩ ክፍት እስካለ ድረስ፣ በኮምፒዩተሩ የተቀመጠ ሁሉ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ሰው ያዝዛል። ብዙ የባንክ መተግበሪያዎች ገጻቸውን ያጠቁራሉ፤ የማረጋገጫ ቁጥር የያዘ አጭር መልእክት ግን ሊነበብ ይችላል። ስለሆነም በጋራ ኮምፒዩተር አለመጠቀም፣ ሥራ ሲያበቃም ዋየርለስ ዲበጊንጉን አጥፍቶ የኮምፒዩተሩን ስም ከዝርዝሩ መሰረዝ ይገባል። የሱቁን ቁልፍ በር ላይ ትቶ የሚያድር ነጋዴ የለምና።