ሰናፍጭ አፍንጫ ሲወጋ ማን ማንን ነካ?

ጥያቄ፦ ካምባ የምማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ኑክሊዮፋይልና ኤሌክትሮፋይል ይምታቱብኛል፤ እንዴት ልለያቸው?

መልስ፦ ጥንድ ኤሌክትሮን የሚሰጠው ኑክሊዮፋይል፣ ተቀባዩ ኤሌክትሮፋይል ነው። የጥንዱን ጉዞ የሚያሳየው ቀስት ምንጊዜም ከሰጪው ይነሳል፤ ፈተና ላይ ብዙው ሰው የሚገለብጠው ይህንኑ ነው።

ሁለቱን በምሳሌ ለማየት እናትህ ለጾም ሰናፍጭ ስታዘጋጅ አጠገቧ ቁም። ደረቁ ፍሬ እምብዛም አይሸትም። ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ግን በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሥራ ይጀምርና አሊል አይሶታዮሳያኔት የሚባል ተናዳፊ ነገር ይወጣል። በውስጡ ከናይትሮጅንና ከሰልፈር ጋር በድርብ ቦንድ የታሰረው ካርቦን ኤሌክትሮን ጎድሎበታል፤ ኤሌክትሮፋይሉ እሱ ነው። አፍንጫህ ውስጥ ያለ የነርቭ ፕሮቲን ደግሞ የሲስቴይን ሰልፈር አለው፤ ኑክሊዮፋይሉ ይኸው። ሰልፈሩ ጥንዱን ለካርቦኑ ሰጥቶ ይጣበቃል፣ ነርቩ ይቀሰቀሳል፣ እንባህ ዱብ ይላል። ጥሬ የሽፈራው ቅጠል ስታኝክ ምላስህን ቆንጠጥ የሚያደርገው ነገርም የዚሁ የአይሶታዮሳያኔት ቤተሰብ ነው።