ዳገትና ቁልቁለት፦ የአሠራር ገለጻ ድርሰት

የአንድን ሥራ አፈጻጸም ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ ድርሰት የአሠራር ገለጻ ይባላል። በእንዲህ ዓይነቱ ድርሰት ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የድርጊቶች ቅደም ተከተል ነው። ቅደም ተከተሉ ቢዛባ አንባቢው ግራ ከመጋባት አልፎ ሊጎዳ ይችላል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ

የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አካባቢዋ ተራራማ በመሆኑ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ዳገትና ቁልቁለት ሳይገጥመው ብዙ መንገድ አይሄድም።

በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ጉልበት በቆላ ከሚኖረው ያንሳል። ስለዚህ አሽከርካሪው ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ይቀንሳል፤ ሞተሩ እስኪደክም አይጠብቅም። ሽቅብ ሲወጣም የፊቱ ጎማ እንዳይነሣ አካሉን ወደ ፊት ያዘነብላል። ዳገት ላይ መቆም ግድ ቢሆንበት በኋላ ፍሬን ይዞ ይቆያል። ሲነሣ ነዳጅ እየሰጠ ፍሪሲዮኑን ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ሞተሩ መጎተት ሲጀምር ፍሬኑን ይለቃል።

ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት ያሠጋል። ቤንዚን ለመቆጠብ ሲል በፎሌ የሚወርድ ሰው ሸክሙን ሁሉ በፍሬን ላይ ይጥላል። ፍሬን ያለማቋረጥ ሲያዝ በሰበቃ ይግላል፤ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ስለሆነም ብልህ አሽከርካሪ ቁልቁለቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ አንደኛ ወይም ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይለውጣል፤ ሞተሩም ፍጥነቱን ይገታለታል። ሁለቱን ፍሬኖች እያሰለሰ በለዘብታ ይይዛል፤ በጠጠር መንገድ የፊት ፍሬን በድንገት ቢያዝ ጎማው ተንሸራቶ ይጥላልና። ኩርባ ሲደርስም ፍጥነቱን የሚቀንሰው ከመታጠፉ በፊት እንጂ እየታጠፈ አይደለም።

ለ. ማስታወሻ

የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. አሽከርካሪው ቁልቁለቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማርሹን ይቀንሳል።
2. አሽከርካሪው ቁልቁለቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ማርሹን ይቀንሳል።

በሰዋስው ረገድ ሁለቱም ትክክል ናቸው። በሥራ ላይ ግን ሁለተኛው ለአደጋ ያጋልጣል። ማርሽ ለመለወጥ ፍሪሲዮን ሲያዝ ሞተሩና ጎማው ስለሚለያዩ፣ ሞተር ብስክሌቱ ቁልቁለት ላይ በገዛ ክብደቱ ይፈጥናል።

«ከ— በፊት» ከአርእስት ጋር ይገባል፦ ከመግባቱ በፊት። «ከ— በኋላ» ከኀላፊ ግሥ ጋር ይገባል፦ ከገባ በኋላ። «እየ—» ሁለት ድርጊቶች በአንድ ጊዜ መፈጸማቸውን፣ «ሳይ—» የአንዱን አለመፈጸም ያመለክታሉ።

ሐ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ «ከ— በፊት» የገባባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አውጡ። በእያንዳንዱ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ምን እንደሚደርስ አስረዱ።
2. «ነዳጅ እየሰጠ ፍሪሲዮኑን ይለቃል» በሚለው ውስጥ «እየሰጠ» በ«ሳይሰጥ» ቢተካ የትርጉሙ ለውጥ ምንድን ነው?
3. ጭነት የጫነች አህያን በገደላማ መንገድ ስለ ማውረድ 12 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት የአሠራር ገለጻ ጻፉ። ድርሰታችሁን ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛ አንብቡለት፤ ቅደም ተከተሉን በቃሉ መልሶ መናገር ካልቻለ አስተካክላችሁ እንደገና ጻፉ።