የአርቪ ውሃ ጣዕሙ ሲበላሽ

በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ከኮሎራዶ ወንዝ ብዙም ሳትርቅ፣ ክዋርትዝሳይት የምትባል ትንሽ የበረሃ ከተማ አለች። ጃንዋሪ ሲገባ ከሰሜኑ ብርድ የሸሹ ጡረተኞች አርቪ የሚባለውን፣ አልጋና ማድ ቤት፣ ሽንት ቤትና ሻወር ያለውን ቤት-መኪና እየነዱ ወይም እየጎተቱ ይመጡና በዙሪያዋ ያለውን በረሃ ይሞሉታል። አብዛኛው ሜዳ ላይ ቧንቧ አልተዘረጋም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚጠጣውንና የሚታጠብበትን ውሃ ከቤቱ ወለል ሥር በተገጠመ ታንከር ይዞ ነው የሚሰፍረው። ጥቂት ቀን ሲያልፍ ከአንዱ ቧንቧ የገማ እንቁላል የሚሸት ውሃ ይወርዳል፤ ከሌላው ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚል፤ ከሦስተኛው ደግሞ እንግዳ የሆነ ጣፋጭነት ያለው።

ብዙው ሰው በዚህ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ የታሸገ ውሃ በካርቶን ይገዛና የታንከሩን ለመታጠቢያ ይተወዋል፤ ወይ ገበያ ላይ ያለውን ውዱን ማጣሪያ ገዝቶ ይገጥማል። ሁለቱም ገንዘብ ይበላሉ፤ ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ አይነኩም። የገማ እንቁላል፣ የፕላስቲክ፣ የዝገትና የበረኪና ጣዕም የተለያየ መነሻ አላቸው፤ የአንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሠራም። መነሻው ከታወቀ ግን አብዛኛው ችግር በጥቂት ዶላርና በአንድ ቅዳሜ ሥራ የሚያልቅ ነው።

የአርቪ የውሃ መስመር ቀላል ነው። ከፖሊኢትሊን ፕላስቲክ የተሠራ ታንከር አለ፤ ከእሱ ውሃውን ገፍቶ የሚያወጣ በ12 ቮልት የሚሠራ ፓምፕ አለ፤ ከዚያ ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧዎች ወደ ሲንኩ፣ ወደ ሻወሩና ወደ ቦይለሩ ይሄዳሉ። ቦይለሩ ትንሽ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ 6 ወይም 10 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 23 ወይም 38 ሊትር ገደማ ይይዛል። መኪናው የቧንቧ መስመር ያለበት ካምፕ ሲደርስ ደግሞ ታንከሩን ሳይነካ በጎማ በቀጥታ ከውጭ ውሃ የሚቀበልበት ሌላ መግቢያ አለው። ከመኖሪያ ቤት የሚለየው ዋናው ነገር ውሃው መቆሙ ነው። መኖሪያ ቤት ውስጥ ውሃው በየቀኑ ይታደሳል። አርቪ ውስጥ ግን ፀሐይ በሚመታው ፕላስቲክ ውስጥ ሳምንታት ይተኛል፤ ከከተማ ቧንቧ ይዞት የመጣው ክሎሪን ቀስ በቀስ ያልቅና ተሕዋስያን በታንከሩና በቧንቧው ግድግዳ ላይ ሙልጭልጭ ያለ ሽፋን ሠርተው ይራባሉ።

ምርመራው የሚጀምረው በብርጭቆ ነው። ከማድ ቤቱ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀዳና ብርጭቆው ከመኪናው ውጭ፣ ንጹሕ አየር ላይ ይሸተታል። ይህ እርምጃ ተራ ቢመስልም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲንኩ ሥር ያለው የፍሳሽ መታጠፊያ ውሃው ሲደርቅበት የፍሳሽ ታንከሩን ጠረን ወደ ላይ ይለቀዋል፤ ቧንቧው ሲከፈት የሸተተው ውሃው ይመስላል። ውጭ ላይ ብርጭቆው ምንም ካልሸተተ ችግሩ ከፍሳሹ ነው፤ መታጠፊያው ውስጥ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል።

ቀጥሎ ሙቅ ውሃ ይቀዳና ከቀዝቃዛው ጋር ይነጻጸራል። ከዚያ በታንከሩና በፓምፑ በኩል የመጣው፣ በቀጥታ ከውጭ በጎማ ከመጣው ጋር ይተያያል። በመጨረሻም ጎማው ከመገጠሙ በፊት ከካምፑ ቧንቧ ራሱ ይቀዳል። እነዚህ ጥቂት ብርጭቆዎች ጥፋቱ ከቦይለሩ፣ ከታንከሩ፣ ከጎማው ወይም ከምንጩ መሆኑን ይለያሉ።

ሙቁ ብቻ የገማ እንቁላል ከሸተተ ነገሩ ቦይለሩ ውስጥ ነው፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም የሚደንቀው ጉዳይ ነው። ከብረት የተሠሩ ቦይለሮች፣ ለምሳሌ በአርቪዎች ላይ በብዛት የሚታየው ሰበርባን፣ ውስጣቸው የማግኒዥየም ዘንግ አለ። ዘንጉ የተቀመጠው እንዲበላ ነው፦ ማግኒዥየም ከብረት ይልቅ በቀላሉ ስለሚበላ፣ ዝገቱ ዘንጉን ሲያኝክ የታንከሩ ግድግዳ ይተርፋል። ታዲያ ውሃው ውስጥ ሰልፌት ካለና ሰልፌትን የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ከገቡ፣ ማግኒዥየሙ ሲበላ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ለእነሱ ምግብ ይሆናቸዋል። የሚያወጡት ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል፤ የገማ እንቁላል ጠረን የእሱ ነው፤ የሰው አፍንጫ እጅግ ጥቂቱን እንኳ ይለየዋል። ቦይለሩ ጠፍቶ ውሃው ለብ ብሎ ለቀናት ሲቆም ባክቴሪያዎቹ ይመቻቸዋል።

መፍትሔው ቦይለሩን ባዶ አድርጎ ማጠብ፣ በክሎሪን ማከምና፣ ጠረኑ እየተመለሰ ካስቸገረ፣ የማግኒዥየሙን ዘንግ በአሉሚኒየምና ዚንክ ቅይጥ መተካት ነው። አንዳንዱ ባለቤት ዘንጉን አውጥቶ ቀዳዳውን ብቻ ይደፍነዋል። ይህ ጠረኑን ያጠፋል፤ ቦይለሩንም በጊዜ ብዛት ያጠፋል፤ ዝገቱ የሚበላው ሌላ ነገር ስለሚያጣ ወደ ታንከሩ ግድግዳ ይዞራልና። ታንከራቸው ከአሉሚኒየም የተሠራ እንደ አትዉድ ያሉት ደግሞ ዘንግ የላቸውም፤ ለእነሱ በአቼቶ ማጠብ የተለመደ ነው። የትኛውም ይሁን፣ ዘንጉ ወይም መክፈቻው ከመፈታቱ በፊት ማሞቂያው ጠፍቶ ውሃው መቀዝቀዝና ግፊቱ መለቀቅ አለበት፤ ካልሆነ የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይፈነዳል። ቦይለሩ ዳግመኛ እስኪሞላም የኤሌክትሪክ ማሞቂያው አይበራም፤ ባዶ ታንከር ውስጥ የበራ ኤለመንት ወዲያው ይቃጠላል።

ቀዝቃዛውም ሙቁም ከምንጩ ጀምሮ የሚሸት ከሆነ ጥፋቱ የመኪናው አይደለም። በፍሎሪዳ ከጉድጓድ የሚቀዳ ውሃ በብዙ ቦታ ሰልፈር ይሸታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለጣዕምና ለመልክ ሲባል ያወጣቸው ወሰኖች አሉ፦ ብረት በሊትር 0.3 ሚሊግራም፣ ማንጋኒዝ 0.05፣ ሰልፌት 250፣ በውሃው ውስጥ የሟሟው ማዕድን በጠቅላላ 500። ከነዚህ ያለፈ ውሃ ሊመር፣ ብረት ብረት ሊል ወይም ሲንኩን ሊያቀላ ይችላል። የከተማ ውሃም የራሱ ጠባይ አለው። ለዋሽንግተን ዲሲና ለአርሊንግተን ውሃ የሚያቀርበው ተቋም ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል በክሎራሚን ያክማል፤ በየጸደዩ ግን ለተወሰኑ ሳምንታት መስመሩን ለማጽዳት ወደ ተራ ክሎሪን ይቀይራል። በዚያ አካባቢ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በነዚያ ሳምንታት ቧንቧቸው በረኪና በረኪና ሲል አስተውለው ይሆናል፤ የዚያን ሰሞን አርቪ የሞላ ሰው ጠረኑን ይዞት ይጓዛል።

የፕላስቲክ ጣዕም ምክንያቱ አዲስ ታንከር ወይም የተሳሳተ ጎማ ነው። የአትክልት ማጠጫው አረንጓዴ ጎማ ለመጠጥ ውሃ አልተሠራም፤ ፀሐይ ላይ ውሎ በውስጡ የቆመ ውሃ ደግሞ ጭራሽ አይጠጣም። ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ወይም ሰማያዊ ነው። የፍሳሽ ታንከር የሚታጠብበት ጎማ በምንም ምክንያት ለመጠጥ ውሃ መዋል የለበትም፤ ለየብቻ ሳጥን፣ ለየብቻ ቀለም ይኑራቸው።

ጣፋጭነቱስ? እሱ ብርድ ካለበት አካባቢ የመጣ ነው። ቧንቧው በውርጭ እንዳይፈነዳ ባለቤቶች ከክረምቱ በፊት ሮዝ ቀለም ያለው ፕሮፒሊን ግላይኮል መስመሩ ውስጥ ይነዳሉ። ይህ ፈሳሽ ለዚህ ሥራ የተፈቀደ ነው፤ ለመኪና ሞተር የሚገባው ኢትሊን ግላይኮል ግን መርዝ ነውና በውሃ መስመር አቅራቢያ እንኳ መድረስ የለበትም። ሮዙ ፈሳሽ ቦይለሩ ውስጥ ሳይታሰብ ከገባ ለማጠብ ብዙ ውሃና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ብዙ አርቪዎች ቦይለሩን ለይቶ የሚያልፍ ቫልቭ የሚገጠምላቸው ለዚህ ነው። ሲታጠብ የሚረሳው የውጭው ሻወር፣ የሽንት ቤቱ ቧንቧና የበረዶ መሥሪያው መስመር ነው፤ እዚያ የቀረው ጠብታ ጣፋጩን ለሳምንታት ይመልሰዋል።

ታንከሩ ራሱ ሲሸት ወይም መኪናው ለወራት ቆሞ ሲነሣ መስመሩ በሙሉ በክሎሪን ይታከማል። የአሜሪካ አርቪዎች መመሪያ ላይ የተለመደው መጠን ለ15 ጋሎን ታንከር ሩብ ኩባያ በረኪና ነው። በሊትር ሲሰላ ነገሩ ይቀላል፦ በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ ለእያንዳንዱ የታንከር ሊትር 1 ሚሊሊትር። 150 ሊትር ለሚይዝ ታንከር 150 ሚሊሊትር ማለት ነው፤ በውሃው ውስጥ በሊትር ወደ 50 ሚሊግራም ክሎሪን ይሰጣል። ለመጠጥ ውሃ ከተፈቀደው የ4 ሚሊግራም ጣሪያ እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ ይህ ውሃ ማጽጃ ነው፣ አይጠጣም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው በረኪና ብዙ ጊዜ ከ5 በመቶ ይበረታል፤ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ መጠኑን መቀነስ ነው። ሽቶ የተጨመረበት ወይም እንዳይረጭ ተብሎ የወፈረው ዓይነት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሙቀት ውስጥ ብዙ ወር የቆየ በረኪናም አቅሙ ወርዷል።

በረኪናው መጀመሪያ ከአንድ ባልዲ ውሃ ጋር ይደባለቃል፤ ማጣሪያዎች ሁሉ ይወጣሉ፤ ባዶው ታንከር ውስጥ ይገባና በንጹሕ ውሃ ይሞላል። ቦይለሩም አብሮ የሚታከም ከሆነ የእሱ ሊትር ከሂሳቡ ውስጥ ይገባል። ከዚያ እያንዳንዱ ቧንቧ፣ ሙቁም ቀዝቃዛውም፣ የክሎሪን ጠረን እስኪወጣ ይከፈትና ይዘጋል። ቢያንስ 3 ሰዓት ይቆያል። በመጨረሻ ሁሉም ተደፍቶ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል።

የቀረው የበረኪና ጠረን ካስቸገረ ደግሞ ለ5 ጋሎን ውሃ አንድ ሊትር ያህል አቼቶ ተጨምሮ መኪናው ጥቂት ቀን ሲጓዝ እየተናጠ ታንከሩን ያጥበዋል። አቼቶና በረኪና ግን ፈጽሞ አንድ ላይ መገናኘት የለባቸውም። ሲቀላቀሉ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ መኪና ውስጥ ይህ የሕይወት አደጋ ነው። በመካከሉ ታንከሩና መስመሩ በደንብ ይታጠቡ።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ አንባቢም ሩቅ አይደለም። በየጣሪያው ላይ የተቀመጠው ሮቶ የተሠራው ከዚያው ከፖሊኢትሊን ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለቀናት ፀሐይ እየመታው ይቆማል። መጀመሪያ ከሥሩ የተከማቸው ደለል ይታጠባል፤ ጭቃ ባለበት ክሎሪኑ ጭቃው ላይ ያልቃልና። ከዚያ የ1 ሚሊሊትር ለ1 ሊትር ሂሳቡ እዚህም ያው ነው። ብዙ የቤት ቦይለሮችም የማግኒዥየም ዘንግ አላቸው፤ ሙቁ ውሃ ብቻ ሲሸት ቧንቧ ሠራተኛውን ስለ ዘንጉ መጠየቅ ያዋጣል።

ማጣሪያ የሚገዛው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የካርቦን ማጣሪያ ክሎሪንን፣ ጣዕምንና ጠረንን ያነሣል፤ ክሎራሚንን ግን ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው። ቦታውም ወሳኝ ነው። ከታንከሩ በፊት ከተገጠመ ክሎሪኑን አስቀድሞ ስለሚወስደው በታንከሩ ውስጥ የሚቆመው ውሃ ያለ ጠባቂ ይቀራል፤ ለረጅም ጊዜ ውሃ ለሚያቆም ሰው የሚሻለው የመጠጡ ቧንቧ ሥር መግጠም ነው። ማሸጊያው ላይ ኤንኤስኤፍ 42 የሚል ከሆነ ስለ ጣዕምና ጠረን ተፈትኗል ማለት ነው፤ 53 የሚለው እንደ እርሳስ ላሉ ለጤና ጎጂ ነገሮች ነው። ያረጀ ካርቦን ራሱ የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል፤ መኪናው ሲቆም ወጥቶ ይጣላል።

ጣዕም ስለ ደኅንነት ብዙ አይናገርም። ናይትሬትና እርሳስ ምላስ ላይ አይታወቁም፤ ሆድ የሚያውኩ ተሕዋስያንም ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ምንጩ የማይታወቅ የግል ጉድጓድ ከሆነ፣ ቢያንስ የኮሊፎርም ባክቴሪያና የናይትሬት ምርመራ ያስፈልገዋል፤ በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት ፈቃድ የሰጣቸው ቤተ ሙከራዎች ይህን ይሠራሉ። ናሙናው የሚቀዳው ቤተ ሙከራው በሚሰጠው ንጹሕ ጠርሙስ ነው፤ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ በተባለው ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት።