ምዕራፍ 6፦ ሥዕል ለማይችሉ ሰዎች

«እኔ እኮ ሥዕል አልችልም።» በሥዕል የሚታገዝ የሥነ ልቦና ሕክምና የሚጀምር ሰው ወረቀትና ቀለም ሲቀርብለት ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ይህ ንግግር ነው። ባይችል ግድ የለም። እዚህ ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ እንዲያውም እጁ የተፍታታ ሠዓሊ ስሜቱን በችሎታው ሊሸፍነው ስለሚችል እሱ ሳይብስበት አይቀርም።

ለሙያው ስም ያወጣለት እንግሊዛዊው ሠዓሊ አድሪያን ሂል ነው፤ ጊዜውም 1942 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሂል በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ማገገሚያ በተኛበት ወቅት መሰልቸቱ ከበሽታው ባልተናነሰ ቢያስጨንቀው ካልጋው ሳይወርድ መሳል ጀመረ፤ ቆይቶም ሌሎቹን ሕሙማን ያስተምር ገባ።

እኔን ግን ይበልጥ የምትገርመኝ ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ ናት። በጀርመኑ ባውሃውስ ትምህርት ቤት የተማረች አይሁዳዊት ሠዓሊ ነበረች። በ1942 መጨረሻ ናዚዎች ቴሬዚን ወደሚባለው ጌቶ ሲያግዟት፣ ከተፈቀደላት ጥቂት ጓዝ ብዙውን ቦታ ለሥዕል ዕቃ ሰጠችው። እዚያ ለታጎሩ ሕፃናት ሥዕል ታስተምር ነበር፤ ልጆቹ ያገለገለ ወረቀት ጀርባ ላይ ሳይቀር ይስላሉ። በሥዕሉ ላይ እያንዳንዱ ስሙን እንዲጽፍ ታደርግ ነበር፤ ሰው ወደ ቁጥር በተለወጠበት ቦታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በጥቅምት 1944 ወደ አውሽቪትዝ ተወስዳ ተገደለች። ከመሄዷ በፊት ግን 4,500 ያህል የልጆቹን ሥዕሎች በሁለት ሻንጣ አስቀምጣ ነበር፤ ዛሬ ፕራግ በሚገኘው የአይሁድ ሙዚየም ተጠብቀዋል። ከሳሉት ልጆች አብዛኞቹ አልተረፉም። ከጦርነቱ በፊት ያስተማረቻት ኢዲት ክሬመር ግን ወደ ኒው ዮርክ ተሰድዳ፣ ከተጎዱ ልጆች ጋር በመሥራት የሥዕል ሕክምናን ካቋቋሙት አንዷ ሆናለች።

ፈውሱ የቱ ላይ ነው? ሰው ያልተናገረውን ተሸክሞ ሲኖር እሱና ነገሩ አይለያዩም። ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን ፊት ለፊቱ ይቀመጣል፤ ሊያየው፣ ሊያርቀው፣ ቀለም ሊጨምርበት ይችላል። ጎበዝ ሐኪም ታዲያ «ይህ ምን ማለት ነው?» ለማለት አይቸኩልም። «ይቺ ሴትዮ ለምን ጥግ ቆመች? ማንን ነው የምታየው? አፍ ቢኖራት ምን ትል ነበር?» ይላል። ጥቁር ኀዘን ነው፣ ሥር የሌለው ዛፍ ፍርሃት ነው እያሉ ሥዕልን እንደ ሕልም የሚፈቱ ሰዎች አሉ፤ እኔ አላምናቸውም። የሥዕሉ ፈቺ የሳለው ሰው ነው።

እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት ደግሞ ነገሩን ጨዋታ አደረገው። እሱ እንዲሁ የተጠማዘዘ መስመር ይጭራል፤ ልጁ እባብም ይሁን ባርኔጣ ወደፈለገው ይለውጠዋል። ቀጥሎ ልጁ ይጭራል፣ ሐኪሙ ይጨርሳል። በጥያቄ የማይወጣው ነገር በዚህ መሀል ይወጣል።

ባገራችንም ሥዕልና ፈውስ የቆየ ትውውቅ አላቸው። ደብተራው ጠልሰም ሲያዘጋጅ ብራናውን በታማሚው ቁመት ልክ አድርጎ ትላልቅ ዓይኖች ይስልበታል፤ ታማሚው ይመለከተዋል። ልዩነቱ እዚያ የሚስለው ሌላ ሰው መሆኑ ነው፤ እዚህ ታማሚው ራሱ ይስላል።

ተስፋው ግን በልክ ይሁን። በ2016 ፊላደልፊያ በሚገኘው ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ 39 ጎልማሶች ለ45 ደቂቃ በቀለም፣ በሸክላ ጭቃና በወረቀት ቁርጥራጭ ከሠሩ በኋላ ምራቃቸው ሲመረመር፣ በ75 በመቶ ያህሉ የጭንቀት ሆርሞን የሆነው ኮርቲሶል ቀንሶ ተገኝቷል፤ ሥዕል የለመዱትና ያልለመዱትም አልተለያዩም። የሚነጻጸር ሌላ ቡድን ስላልነበረ ግን ከዚህ ብዙ መደምደም አይቻልም። በ2012 ይፋ የሆነው፣ ብሪታንያ ውስጥ በ417 የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ላይ የተደረገው ትልቅ ጥናት ደግሞ የቡድን የሥዕል ሕክምና በተለመደው ሕክምና ላይ የጨመረው ለውጥ አላገኘም። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው እርሳስ አነሳሁ ብሎ ኪኒኑን አይተው።

ቤትዎ ሊሞክሩት ከፈለጉ ሃያ ደቂቃና እስክሪብቶ ይበቃል። ዛሬ የከበደዎትን ስሜት፣ ሰው ወይም ዕቃ ሳያደርጉት፣ በመስመርና በቅርጽ ብቻ ያውጡት። ላሳምር ላሳምር የሚል ሐሳብ ካስቸገረዎት በማይጽፉበት እጅ ይሳሉ። ሲጨርሱ ራቅ አድርገው ይዩትና ከሥሩ ሦስት ቃል ይጻፉ። ከዚያ ሌላ ወረቀት ላይ፣ ትንሽ እንዲቀልዎት አንድ ነገር ብቻ ለውጠው ያንኑ እንደገና ይሳሉት። ይህን ሁለተኛውን ወረቀት አይዝለሉት፤ የመጀመሪያው ያስተነፍሳል፣ ምን እንዲለወጥ እንደሚፈልጉ የሚያሳይዎት ግን ሁለተኛው ነው።

ጦርነት፣ መደፈር ወይም ድንገተኛ ሞት የደረሰበት ሰው ያንን ትዝታ ብቻውን ተቀምጦ ባይስለው ይሻላል፤ አብሮት የሚያይ ባለሙያ ያስፈልገዋል። እርስዎም ከሳሉ በኋላ እንቅልፍ ካጡ ወይም ስሜቱ ከባሰብዎት ያቁሙና ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይሂዱ። በሥዕል ሕክምና የሠለጠነ ባያገኙ እንኳ ወረቀቶቹን ይዘው ይሂዱ፤ «ምን ገጠመዎት?» ሲባሉ ቃል ከጠፋብዎት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጧቸው።