ነፋሳችን ስንት ያወጣል?

ማሽላ ወቅተን አውድማ ላይ ስናዘራ ሁላችንም የምንጠብቀው ነፋስን ነው። ነፋስ ሲመጣ ገለባው ይሄዳል፤ ፍሬው ይቀራል። ነፋስ ሲጠፋ ላይዳችንን አስቀምጠን ጥላ ሥር እንቀመጣለን። ስለዚህ ነፋስ ሥራ እንደሚሠራ ማንም መጥቶ አያስተምረንም። ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሲፈልግ የሚቀር ሠራተኛ መሆኑንም እናውቃለን።

በዚህ ትምህርት በኩርሙክ ወረዳ ከመብራት መስመር ርቀው ለሚገኙ መንደሮች አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። የአንድ መንደር ሰዎች ገንዘብና ጉልበት አዋጥተው አንድ ትንሽ የነፋስ ተርባይን ቢተክሉስ? ባለቤቱም አንድ ሀብታም ወይም አንድ ነጋዴ ሳይሆን መንደሩ ራሱ ቢሆንስ? ሐሳቡ ጥሩ ነው እንላለን። ነገር ግን ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት መሠራት ያለበት ሥራ አለ። ያም ሥራ የሚሠራው በደብተርና በእርሳስ ነው።

አንዳንድ ሰው «ታላቁ የህዳሴ ግድብ በክልላችን በጉባ ተሠርቶ የለም ወይ? ታዲያ ነፋስ ምን ያደርግልናል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የግድቡ ሥራ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል መለኪያ ነው፤ አንድ ሜጋ ዋት 1,000,000 ዋት ይሆናል። ነገር ግን ይህ ኃይል ከግድቡ የሚወጣው በጣም ከፍተኛ ጉልበት ባላቸው መስመሮች ነው። ከእነዚህ መስመሮች ሽቦ ቀጥሎ ጎጆ ውስጥ አምፖል ማብራት አይቻልም። መጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ መሠራት አለበት። ከዚያ ትንንሽ ምሰሶዎች፣ ከዚያ ትራንስፎርመር ይከተላሉ። ጥቂት ጎጆዎች ተራርቀው ለሚገኙበት መንደር ይህ ሁሉ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። በአገራችን ገና ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ መብራት አላገኘም።

እንግዲህ ተርባይን ምንድን ነው? ዲናሞ ያለው ብስክሌት ያየ ሰው ሥራውን አውቆታል ማለት ነው። ጎማው ሲዞር ዲናሞው ይዞራል፤ መብራቱም ይበራል። ብስክሌቱ ሲቆም መብራቱ ይጠፋል። የነፋስ ተርባይንም እንዲሁ ነው። እግር ፔዳል በመምታት ፈንታ ነፋስ ክንፎቹን ይገፋል። ክንፎቹ ዲናሞውን ያዞራሉ። ኤሌክትሪኩ በሽቦ ወርዶ ባትሪ ውስጥ ይጠራቀማል። ማታ ነፋሱ ቢተኛ ከባትሪው እንጠቀማለን።

ማላዊ በምትባል የአፍሪካ አገር ዊልያም ካምክዋምባ የተባለ የገበሬ ልጅ ይህንን በገዛ እጁ ሠርቶ አሳይቷል። በ1994 ዓ.ም. ገደማ በአገሩ ድርቅና ረሃብ ገባ። ወላጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ አጡ፤ እሱም ትምህርቱን አቋረጠ። ዕድሜው 14 ዓመት ነበር። ነገር ግን በአካባቢው ወደነበረች ትንሽ ቤተ መጻሕፍት መሄዱን አልተወም። እዚያ የነፋስ ተርባይን ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አገኘ። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱ ደግሞ እንግሊዝኛ በደንብ አያውቅም። ሥዕሉን እያየ፣ ያልገባውን ቃል እየጠየቀ ተረዳው። የትራክተር ማራገቢያ፣ የብስክሌት አካልና ዲናሞ ከቁርጥራጭ ብረት መካከል ለቀመ። የፕላስቲክ ቧንቧ በእሳት አለስልሶ ክንፍ አደረገው። ምሰሶውን ከባሕር ዛፍ ሠራ። ሰው እብድ ነው ይለው ነበር። አምፖሉ ሲበራ ግን የሳቀበት ሁሉ ሊያይ መጣ።

በአገራችንም የነፋስ ሥራ አዲስ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ፣ በኦሞ ወንዝ ዳር፣ በዳሰነች ሰዎች አገር አንድ የሚሲዮን ጣቢያ ነበር። ቦታው እንደ ኩርሙክ ሞቃት ቆላ ነው፤ እንደ ኩርሙክም በጠረፍ ላይ ነው። እዚያ የጨርቅ ክንፍ ያላቸው የነፋስ መሣሪያዎች ተሠርተው የወንዙን ውኃ ወደ እርሻ ያወጡ ነበር። መብራት አልነበራቸውም፤ ሥራቸው ውኃ መሳብ ብቻ ነበር። ከውጭ የሚመጣው የብረት መሣሪያ ዋጋው ከባድ ነው። የጨርቁ ግን እዚያው ይሠራል፤ ሲቀደድም እዚያው ይሰፋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ሰፍተን፣ ቀጥቅጠን፣ አስረን የማንጠግነው መሣሪያ ግማሹ የእኛ አይደለም።

ዛሬ ደግሞ ትልልቆቹ አሉ። አዳማ ከተማ አጠገብ መጀመሪያ 34 ተርባይኖች ተተከሉ፤ 51 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። በ2007 ዓ.ም. ሌሎች 102 ተጨመሩ፤ እነዚህ 153 ሜጋ ዋት ናቸው። በመቀሌ አቅራቢያ አሸጎዳ የሚባለው በ2006 ዓ.ም. ተመረቀ። በአሰላ አካባቢና በሶማሌ ክልል በአይሻም አሉ።

እስቲ የእነዚህን ቦታዎች ስም ደግመን እናንብብ። አዳማ፣ አሰላ፣ አሸጎዳ፣ አይሻ። በስምጥ ሸለቆ፣ በምሥራቅና በሰሜን ናቸው። በምዕራብ አንድም አልጠራንም። ምክንያቱ ምንድን ነው? ባለሙያዎች ነፋስ ለክተው ነው ቦታ የመረጡት። የምዕራቡ ቆላ ነፋስ በጠቅላላው ከምሥራቁ ይደክማል። ይህ ለእኛ ደስ የሚል ወሬ አይደለም፤ ቢሆንም መደበቅ የለበትም። ለአዳማ የሆነ ሁሉ ለኩርሙክ ይሆናል ብሎ ገንዘባችንን የሚቀበለን ሰው ቢመጣ መጠርጠር ይገባናል።

ታዲያ ነገሩ አበቃ ማለት ነው? አላበቃም። ነፋስ በአገር ሙሉ እኩል አይነፍስም። በሁለት ኮረብቶች መካከል ያለ በር ነፋስ ይሰበስባል። ከኮረብታው ሥር ያለ ጎድጓዳ ቦታ ግን ዝም ይላል። ከሩቅ የተሠራ ካርታ የአንዷን ኮረብታችንን ነገር አይነግረንም። አሶሳ ላይ የአየር ጠባይ የሚመዘግብ ጣቢያ አለ፤ ነገር ግን አሶሳ ወይና ደጋ ናት፤ ኩርሙክ ቆላ ነው። የአሶሳ መዝገብ የኩርሙክን ነፋስ አይመሰክርም። እኛው መለካት አለብን።

መለካት ለምን አስፈለገ? ነፋሱ እንዳለ ሁሉም ያውቅ የለም ወይ? እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት እንሥራ። የነፋስ ኃይል የሚገኘው ፍጥነቱን ሦስት ጊዜ በራሱ በማባዛት ነው። ነፋሱ በሰኮንድ 3 ሜትር ቢሄድ 3 × 3 × 3 = 27 ይሆናል። በሰኮንድ 6 ሜትር ቢሄድ 6 × 6 × 6 = 216 ይሆናል። አሁን 216ን ለ27 እናካፍል። 8 ይወጣል። ነፋሱ የጨመረው እጥፍ ብቻ ነው፤ ኃይሉ ግን 8 እጥፍ ሆነ!

የክንፎቹ ዙሪያ ከዳር እስከ ዳር 3 ሜትር የሆነ ትንሽ ተርባይን እንውሰድ። ነፋሱ በሰኮንድ 5 ሜትር ሲሆን 100 ዋት ገደማ ይሰጣል። ይህ ባለ 5 ዋት አምፖል ቢሆን 20 አምፖል ያበራል። ነፋሱ 3 ሜትር ሲሆን ግን ከ20 ዋት ብዙም አያልፍም። 4 አምፖል ማለት ነው። ከዚያ በታች ሲሆን ብዙዎቹ ተርባይኖች ጭራሽ መዞር አይጀምሩም። ገበያ ላይ «1,000 ዋት» ተብሎ የተጻፈበት እናያለን። ነጋዴው አልዋሸ ይሆናል። ያ ቁጥር ግን በሰኮንድ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ለሚሄድ ብርቱ ነፋስ ነው። እንዲህ ያለ ነፋስ እኛ ዘንድ የሚመጣው መቼ ነው? ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ የጎጆ ክዳን እየገለበጠ አይደለም? በዚያ መብራት አይጠራቀምም።

ስለዚህ የነፋስ ደብተር እንክፈት። የሚያስፈልገው አንድ ረጅም ቀርከሃ፣ በጫፉ ላይ የታሰረ ቀላል ጨርቅ፣ ደብተርና እርሳስ ነው። ቀርከሃው ተርባይኑ ሊተከል በታሰበበት ኮረብታ ላይ ይቁም። በቀን አራት ጊዜ እናያለን፤ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓትና ሌሊት 5 ሰዓት። የምንጽፈው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ጢስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከወጣ 0 እንጽፋለን። ጢሱ ካዘነበለና ቅጠል ካልተነቃነቀ 1 ነው። ነፋሱ ፊታችን ላይ ከተሰማንና ቅጠል ከተንኮሻኮሸ 2 ነው፤ ይህ በሰኮንድ 2 ወይም 3 ሜትር ይሆናል። ቅጠልና ቀንበጥ ሳያርፍ ከተወዛወዘ፣ ጨርቁም ከተዘረጋ 3 እንጽፋለን፤ 4 ወይም 5 ሜትር ነው። አቧራና ገለባ ከተነሣ 4 ነው፤ 6 ወይም 7 ሜትር ይሆናል።

ይህ ሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይፈጃል። በበጋ ነፋሱ ከሰሜን በኩል ይመጣል፤ በክረምት ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ ይዞራል። በጥር የነፈሰ በሐምሌ ላይነፍስ ይችላል። በቀን 4 ጊዜ ለ365 ቀን ብንጽፍ 1,460 ቁጥር ይሆናል። አይብዛባችሁ፤ አሥር ሰው በተራ ቢይዘው ለአንድ ሰው 146 ብቻ ይደርሰዋል። የሌሊቱን ተራ የሚወድ ባይኖርም እሱም መጻፍ አለበት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሰው ነፋስ ሲሰማው ለመጻፍ ይሮጣል፤ ዝም ሲል ይረሳዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ያ ዝምታ ነው። 0 የተጻፈባቸው ቀኖች ስንት ተከታትለው መጡ? ሁለት ቀን ከሆነ ባትሪው ይሸከመዋል። አሥር ቀን ከሆነ የትኛውም መንደር የሚችለው ባትሪ አይበቃም። 0 ያልተጻፈበት ደብተር እኛኑ ያታልለናል።

ዓመቱ ሲሞላ 3 እና 4 የበዛበት ደብተር ከያዝን የወረዳውን የውኃና የኢነርጂ ባለሙያዎች በእውነተኛ መለኪያ እንዲያረጋግጡልን እንጠይቃለን። ባዶ እጁን «ነፋስ አለን» ከሚል ሰውና 1,460 ቁጥር ይዞ ከሚመጣ ሰው የትኛው ይደመጣል? 0 እና 1 የበዛበት ከሆነ ተርባይኑን እንተወው። ያዋጣነው ገንዘብ በፀሐይ ኃይል መሣሪያ ላይ ይዋል። በበጋ ፀሐያችን የታወቀች ናት፤ የፀሐይ መሣሪያም የሚሽከረከር አካል የለውም። እንደ እኛ ግምት በብዙዎቹ መንደሮች ፀሐይ ሳትበልጥ አትቀርም። ነገር ግን ክረምት ሲገባ ደመናው ይሸፍናታል። በክረምት ነፋስ ያላት ኮረብታ ካለች ሁለቱን ማጣመር ያዋጣል።

ትንሽ ተርባይን የማይችለውንም ከአሁኑ እንወቅ። እህል አይፈጭም። የወፍጮ ሞተር 10,000 ዋት ገደማ ይፈልጋል። 100 ዋት የሚሰጥ ተርባይን ስንት ያስፈልግ ነበር? 10,000ን ለ100 ስናካፍል 100 ተርባይን ይሆናል። እንጀራም አይጋግርም። የሚችለው የጤና ኬላውን መብራት፣ የማታ ትምህርቱን መብራት፣ ሬዲዮና የስልክ ባትሪ መሙላት ነው። ይህም ቀላል አይደለም። ሌሊት ምጥ የመጣባት እናት በእጅ ባትሪ ጭላንጭል ስትወልድ ያየ ሰው የአንድ አምፖልን ዋጋ ያውቃል። ከድንበር ማዶ ዘመድ ያለውም ስልኩ ሲዘጋ የሚያድርበትን ሐሳብ ያውቃል።

የጋራ ንብረት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በብረቱ ሳይሆን በሒሳቡ ነው። ለአንዲት ጎሚኒ መግዣ ጠፍቶ ዓመት ሙሉ የቆመ የእጅ ፓምፕ ስንት አይተናል! ሁሉም የእኔ ነው ይላል፤ ሲሰበር የማንም አይሆንም። በስኮትላንድ ኤግ የምትባል መቶ ያህል ሰው የሚኖርባት ደሴት አለች። ትልቁ መስመር አይደርሳትም ነበር። በ2000 ዓ.ም. ነዋሪዎቹ የራሳቸውን መብራት አቆሙ። አራት ትንንሽ የነፋስ ተርባይኖች፣ የወራጅ ውኃና የፀሐይ መሣሪያዎች አሏቸው። ደንባቸው አንድ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5,000 ዋት በላይ እንዳይወስድ ይከለክላል። ሀብታም ቢሆን፣ ድሃ ቢሆን ልኩ አንድ ነው። ጥገናውንም የሚሠሩት ከራሳቸው መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። የእኛ ልክ ከዚያ በጣም ያንሳል። ለአንድ ቤት 10 ዋት ይሁን ብንል እንኳ መጀመሪያ ተስማምተን፣ ጽፈን፣ መፈረም አለብን።

ሒሳቡን እንይ። ለምሳሌ 60 ቤተሰብ በወር 50 ብር ቢከፍል 3,000 ብር ይሆናል። በዓመት 36,000 ብር ነው። የአሲድ ባትሪ በደህና ቢያዝ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ ለባትሪ የሚቀመጠው ገንዘብ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ለብቻው ይቀመጥ። መብራቱ ደህና እየበራ ምን ያስቸኩላል ያለ መንደር በአራተኛው ዓመት ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፎቹም በሁለት ሰው እጅ ይሁኑ። አንዷ ሴት ትሁን። ሒሳቡ በየወሩ በስብሰባ ላይ ይነበብ፤ አማርኛ የማይሰማ እንዲሰማው በበርታ ቋንቋም ይነገር። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት መመዝገብም ይጠቅማል። የተመዘገበ ማኅበር በስሙ የባንክ ደብተር ይከፍታል፤ መክሰስም ይችላል።

ስለ ምሰሶው ጥቂት እንበል። በዙሪያው 100 ሜትር ውስጥ ካለው ዛፍና ቤት ሁሉ በ10 ሜትር ያህል ይብለጥ። ዛፍ ነፋስን ይሰባብራል፤ የተሰባበረ ነፋስም ክንፉን ያንቀጠቅጣል። ምሰሶው በሥሩ ታጥፎ የሚጋደም ቢሆን ይሻላል፤ ለጥገና ሰው ላይ አይወጣም። የመወጠሪያ ገመዶቹን ከብት እንዳይነካቸው ይታጠሩ። በክረምት መብረቅ አለ። ከምሰሶው ወደ መሬት የሚገባ ወፍራም ሽቦ ሳይደረግ አንድ ቀንም አይቁም።

ጥያቄዎች

1. በመንደራችሁ ለነፋስ ደብተር የምትመርጡት ኮረብታ የትኛው ነው? ለምን?
2. ነፋሱ በሰኮንድ 2 ሜትር ከነበረ በኋላ 4 ሜትር ቢሆን ኃይሉ ስንት እጥፍ ይጨምራል? አባዝታችሁ አሳዩ።
3. 45 ቤተሰብ በወር 40 ብር ቢከፍል በ4 ዓመት ስንት ብር ይጠራቀማል? ከዚህ ውስጥ ለባትሪ ስንት ይቀመጥ ትላላችሁ?
4. የሌሊት 5 ሰዓቱን ተራ ማን ይይዛል?