ከመጠምጠም መማር ይቅደም
ከወጣቶች ጋር በፈቃደኝነት ለመሥራት ምን ያስፈልጋል?



በየከተማው በወጣት ማዕከላትና በትምህርት ቤት ክበባት ወጣቶችን ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤናና ስለ ኤች.አይ.ቪ. የሚያስተምሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ከእናንተም መካከል በዚህ ሥራ ለመሳተፍ የምታስቡ፣ ወይም ልጆቻችሁን ወደ ክበብ የምትልኩ ትኖራላችሁ። ለሁለታችሁም የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ በጎ ፈቃድ ብቻውን ይበቃልን?

አይበቃም። ልጅን ለመርዳት የሚመጣ እንዳለ ሁሉ ልጅን ለመጉዳት የሚጠጋም አለ። የአሜሪካ ቦይ ስካውት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በኪሣራ ምክንያት ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜ፣ ከ80,000 የሚበልጡ ሰዎች በልጅነታችን በመሪዎቻችን ተደፍረናል ሲሉ አቤቱታ አቅርበዋል። ዛሬ በዚያ ድርጅት የወንጀል ታሪኩ ያልተጣራና ስለ ልጆች ደኅንነት ያልሠለጠነ አዋቂ መሪ መሆን አይችልም። ከልጅ ጋር ለብቻ መሆንም ክልክል ነው። እኛ ከሌላው ጉዳት መማር እንችላለን።

አንድ በጎ ፈቃደኛ ሊያሟላ የሚገባው የሚከተለውን ነው።

1. ማንነቱ ይጣራ። ማመልከቻ ይሙላ፤ የሚያውቁት ሰዎች ይመስክሩለት፤ ከፖሊስ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ ያቅርብ። ጎረቤት ወይም ዘመድ ስለሆነ ብቻ ሊታለፍ አይገባም። ልጅን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ የሚታወቅና የሚታመን ሰው ነውና።

2. ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ይያዝ። ይሁን እንጂ ወረቀቱ ሥልጠናውን መከታተሉን እንጂ ጠባዩን አይመሰክርም። ስለዚህ በየጊዜው መታደስ፣ ሥራውም በኃላፊ መታየት አለበት።

3. ከልጅ ጋር ለብቻው አይሁን። ምክር ሲሰጥ በሩ ክፍት ይሁን፤ ሌላ አዋቂ በቅርብ ይኑር። ይህ ደንብ ልጁን ከጥቃት፣ በጎ ፈቃደኛውንም ከሐሜት ይጠብቃል።

4. ምስጢር ይጠብቅ። ወጣቷ የነገረችውን ለጎረቤት ቢያወራ ዳግመኛ እርዳታ ፍለጋ አትመጣም። ሆኖም ጥቃት እየደረሰባት ከሆነ ዝም ማለት አይገባውም። ለማን እንደሚያሳውቅ በግልጽ ነግሯት ወዲያውኑ ለኃላፊው ያስታውቅ።

5. የሥራውን ወሰን ይወቅ። በጎ ፈቃደኛ ነርስ አይደለም። ስለ እንክብልና ስለ ኮንዶም ትክክለኛውን ያስረዳል፤ ምርመራና ሕክምና ለሚያስፈልገው ግን ወደ ክሊኒክ ይልካል።

ሕጉም በዚህ ረገድ ጥብቅ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ፣ ከ18 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ የሚፈጸምን የግብረ ሥጋ በደል በአንቀጽ 626 እና 627 ይቀጣል። ተበዳዩ የጥፋተኛው ተማሪ ወይም በአደራ የተሰጠው ልጅ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። «ፈቅዳ ነው» የሚል ምክንያት ከቅጣት አያድንም።

እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁን ወደ ክበብ ከመላካችሁ በፊት ኃላፊውን ጠይቁ። አስተማሪዎቹ ተጣርተዋል? የት ሠለጠኑ? ቅሬታ ቢኖር ለማን ይቀርባል? መጠየቅ ሰውን መጠርጠር አይደለም። ጥሩ ድርጅት በጥያቄያችሁ ይደሰታል እንጂ አይቀየምም። መልስ የሚነፍጋችሁ ከሆነ ግን ልጃችሁን ለመላክ አትቸኩሉ።

ለባልና ሚስት መወያያ

– ልጃችን በአንድ አዋቂ ድርጊት ቢከፋ ሳይፈራ ይነግረናል? ቢነግረንስ ሳንቆጣ እናዳምጠዋለን?

– ከሁለታችን አንዳችን በጎ ፈቃደኛ ብንሆን፣ ሌላ ሰው እንዲያሟላ የምንፈልገውን ደንብ ራሳችን ለማሟላት ዝግጁ ነን?

ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ተነጋገሩበት።