ባልና ሚስት ወደ ቁማር ከተማ ለዕረፍት ሲሄዱ፤ ስለ አንድ ልብና ስለ አንድ ከረጢት የተጻፈ ምክር

ባልና ሚስት ሥራቸውን ለጥቂት ቀን አቁመው፥ ልጆቻቸውን ለዘመድ አደራ ሰጥተው፥ ለብቻቸው ለዕረፍት ቢሄዱ ነውር ነው የሚል ሰው ቢኖር መጽሐፍን በሚገባ አልመረመረም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ቁጥር 5 እንደ ታዘዘው፥ አዲስ ያገባ ሰው እስከ አንድ ዓመት ድረስ ከዘመቻ ነጻ ነበረ፤ ይህም የሚስቱን ልብ ደስ ለማሰኘት ነው። አባቶቻችንም ጫጉላ ሠርተው ሙሽሮችን ከሥራ የለዩት ይህን ጥበብ ስላወቁ ነው። እንግዲህ የሚያስፈልገው ጥያቄ፥ ወዴት እንሄዳለን? በምንስ አሳብ እንሄዳለን? የሚል ነው።

በአሜሪካ አገር ባለትዳሮች ለዕረፍት ከሚመርጧቸው ከተሞች አንዲቱ በኔቫዳ ግዛት ያለችው ላስ ቬጋስ ናት። ይህች ከተማ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. በምድር ባቡር መንገድ አጠገብ በበረሃ ውስጥ ተቆረቈረች። በ1931 ዓ.ም. የኔቫዳ መንግሥት ቁማርን በሕግ ፈቀደ፤ ከዚያም ወዲህ ከተማይቱ በቁማር ዝነኛ ሆነች። ዛሬ ሌሊቷ በመብራት እንደ ቀን ነው፤ ሙዚቃዋና ትርኢቷ አያቋርጥም። የአገራችንም ሰዎች በብዛት ይኖሩባታል። ስለዚህ ለሽርሽርም ለዘመድ ጥየቃም የሚሄድባት ብዙ ነው።

በዚያ ከተማ ከትልልቆቹ ሆቴሎች በብዙዎቹ የቁማሩ አዳራሽ በቤቱ መካከል ነው። ከመኝታ ክፍል ወደ ምግብ ቤት፥ ከምግብ ቤትም ወደ ጎዳና የሚሄድ ሰው በገበታዎቹ መካከል ያልፋል። በብዙ አዳራሾች መስኮትም የግድግዳ ሰዓትም አይታይም፤ የሚጫወተው ሰው መንጋቱን እንዳያስብ ነው። መጠጥ በነጻ ይቀዳለታል። ገንዘቡንም ተቀብለው በምትኩ ባለ ቀለም ክብ ምልክት ይሰጡታል፤ ብር የማይመስለውን ነገር መጣል ለእጅ ይቀላልና።

አሁን የጨዋታውን ሒሳብ እንመርምር። ሩሌት የሚባለው መንኰራኵር በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ 38 ቤቶች አሉት፤ እነርሱም ከ1 እስከ 36 ያሉት ቁጥሮች፥ አንድ ዜሮና አንድ ድርብ ዜሮ ናቸው። አንድ ሰው በ38ቱ ቤቶች ሁሉ ላይ አንድ አንድ ዶላር ቢያስቀምጥ አንዱ ቤት በግድ ይወጣል። ለወጣው ቤት 35 ዶላር ይከፈለዋል፤ ያስቀመጠው 1 ዶላርም ይመለስለታል። እንግዲህ 38 ሰጥቶ 36 ተቀበለ፤ ሁለቱ ዶላር ለቤቱ ቀረ። ይህም ከመቶ ዶላር 5 ዶላር ከ26 ሳንቲም ያህል ነው። በአንድ ሰዓት 40 ጊዜ አሥር አሥር ዶላር የሚያስቀምጥ ሰው በአማካይ 21 ዶላር ያህል ያጣል። አንዱ ዛሬ ቢያሸንፍ እንኳ ሒሳቡ በሌላው ላይ ይሞላል። ስለዚህ ባለቤቱ ማጭበርበር አያስፈልገውም፤ መታገሥ ብቻ ይበቃዋል።

«ብዙ ስለ ተበላሁ አሁን ተራዬ ደርሷል» የሚል አሳብም ከንቱ ነው። በ1913 ዓ.ም. በሞናኮ አገር በሞንቴ ካርሎ ኳሲቱ 26 ጊዜ በተከታታይ በጥቁር ላይ ወደቀች። ተጫዋቾቹ ቀዩ መድረሱ አይቀርም እያሉ ገንዘባቸውን በቀይ ላይ አፈሰሱ፤ ብዙም አጡ። ኳስ ያለፈውን አታስታውስም። የሞናኮም መንግሥት የገዛ ዜጎቹን በዚያ ቤት እንዳይጫወቱ መከልከሉ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው።

ነገር ግን የሚከፋው ጉዳት በገንዘብ የሚቈጠረው አይደለም። አንድ ባልና ሚስት በምሳሌ እናስብ። የጋብቻቸውን 10ኛ ዓመት ለማክበር ወደዚያች ከተማ ሄዱ። ስለ አውሮፕላኑና ስለ ሆቴሉ ተማክረው ነበር፤ ስለ ቁማር ግን አንድ ቃል አልተነጋገሩም። በመጀመሪያው ሌሊት ሚስቲቱ ስትተኛ ባልየው «ጥቂት ልይ» ብሎ ወረደ። 50 ዶላር ባሸነፈ ጊዜ «ነገ አበባ እገዛላታለሁ» አለ። ከዚያም ተበላ። የተበላውን ለማስመለስ 100፥ መቶውን ለማስመለስ 200 አወጣ። ሲነጋ ለእናቱ ቤት ቆርቆሮ መግዣ ሁለቱ ካጠራቀሙት ገንዘብ 600 ዶላር ጎድሎ ነበር። ጠዋት ሚስቱ ፊቱን አይታ «ምን ሆነህ ነው?» ብትለው «እንቅልፍ አጣሁ» አላት። እንቅልፍ ማጣቱ እውነት ነው፤ መልሱ ግን ሐሰት ነው።

ስድስት መቶው ዶላር በሥራ ይተካል። ነገር ግን ከጥቂት ወር በኋላ ሚስቲቱ የባንኩን ወረቀት ስታገኝ «ይህን ከሸሸገኝ ሌላስ ምን ሸሽጎኛል?» ትላለች። ያን ጥያቄ በምን ገንዘብ ይዘጋዋል? ሊቀራረቡ ሄደው ተራርቀው ተመለሱ።

አንባቢ ሆይ፤ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶህ እንደ ሆነ የጠፋውን በቁማር ለመመለስ አትሞክር፤ ዛሬውኑ ለባለቤትህ ንገራት፤ አንቺም ብትሆኚ ለባለቤትሽ ንገሪው። መናዘዝ አንድ ቀን ያሳፍራል፤ መሸሸግ ግን ዕድሜ ልክ ያሳፍራል። ልማዱ ለጸናበት ሰው በ1957 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ የተመሠረተ፥ ቁማርን ለመተው እርስ በርሳቸው የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር በብዙ ከተማ ይገኛል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና፥ ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ አስቀድማችሁ እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታ ስለ ግንብ ሠሪው እንደ መሰለው፥ ተቀምጣችሁ ወጪውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ብዙ ሆቴሎች ከአዳሩ ዋጋ ሌላ በየቀኑ ተጨማሪ ክፍያ ስላላቸው ድምሩን ጠይቁ። በቁማር ገበታ ላለመቀመጥም አስቀድማችሁ ቃል ተጋቡ።

ሁለተኛ፤ በከተማይቱ ቁማር የሌለባቸው ሆቴሎች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱን ምረጡ። ከፈተና መራቅ ፈተናን ከመታገል ይቀላል።

ሦስተኛ፤ ቀኑን በመልካም ነገር ሙሉት። ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሬድ ሮክ ካንየን የሚባል ቀይ የድንጋይ ተራራ አለ፤ በማለዳ አብራችሁ ብትሄዱበት የፈጣሪን ሥራ ታደንቃላችሁ። በ1930ዎቹ የተሠራው የሁቨር ግድብም ሩቅ አይደለም። በበጋቸው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚበልጥ መጸው ወይም ጸደይ ይሻላል። ማታም በቤላጂዮ ሆቴል ፊት በሙዚቃ የሚዘለውን የውሃ ምንጭ ያለ ክፍያ ማየት ይቻላል።

አራተኛ፤ እሑድ ከአገራችሁ ሰዎች ጋር ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። ማታ ማታም ከመተኛታችሁ በፊት የዕለቱን ወጪና የዕለቱን አሳብ ሳትሸሸጉ ተነጋግራችሁ በአንድነት ጸልዩ።

ለምርመራ የሚሆኑ ጥያቄዎች። 1ኛ፤ ለባለቤቴ ያልነገርሁት ወጪ አለን? 2ኛ፤ ከቁማር የሚገኘው ትርፍ ከማን ኪስ የወጣ ነው? 3ኛ፤ ከጉዞው ስንመለስ ከሄድንበት ቀን ይልቅ ተዋደን እንድንመለስ ዛሬ ምን መነጋገር ይገባናል?

እግዚአብሔር አካሄዳችሁን ያቅና፤ አንድ ልብ አድርጎ ወደ ቤታችሁ ይመልሳችሁ። አሜን።